ሸክላ፣ ሌሊትና ሰዓት እላፊ

«ጃዝና ፖለቲካ ምን አገናኛቸው?» ይሉኛል አንዳንድ ወዳጆቼ። ስለ ሥልጣንና ስለ ሕግ ስጽፍ በጥሞና የሚያነቡኝ ሰዎች ስለ ሙዚቃ ሳነሣ ዕረፍት የወጣሁ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የአንድን መንግሥት ጠባይ ለማወቅ አዋጆቹን ከመመርመር ባልተናነሰ ሌሊቱን መመርመር ይጠቅማል ባይ ነኝ። ዜጎች ከመሸ በኋላ የት ይሰበሰባሉ? እስከ ስንት ሰዓት? የሰሙትንስ ማን ያስቀምጥላቸዋል? የአዲስ አበባ ጃዝ ታሪክ የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ነው።

ወርቃማ የሚባለውን ዘመን አልደረስኩበትም፤ የማውቀው በሸክላና በሰው አፍ ብቻ ነው። ጥቂት የጃዝ አፍቃሪዎች በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት «ጋሼ» እያልን በምንጠራቸው አንድ ጡረተኛ ቤት እንሰበሰባለን። ጋሼ ሸክላውን የሚይዙት በጠርዙ ብቻ ነው፤ የጣት ወዝ እንዲነካው አይፈቅዱም። መርፌውን ከማሳረፋቸው በፊት የት እንደገዙት፣ በስንት ብር እንደገዙት፣ ያን ጊዜ ማን አብሯቸው እንደነበረ ይናገራሉ። በአንዳንዶቹ መለያ ላይ የቀድሞ ባለቤታቸው ስም በእስክሪብቶ ተጽፎ ይታያል። ያ ሰው የት እንደ ደረሰ ማንም አይጠይቅም፤ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ መልሱ ደስ የሚያሰኝ ላይሆን እንደሚችል ይገምታልና።

ሸክላዎቹ ራሳቸው የተወለዱት ሕግን በመጣስ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 ዓምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወጣት ይህን ሞኖፖል ችላ ብሎ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ነበረ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና አንድ ደርዘን ያህል ረጃጅሞችን አወጣ፤ ከእነዚህም አንዱ የሙላቱ አስታጥቄ የ1974 ሥራ ነው። ከዚያ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ዛሬ በዓለም መድረክ የምንኮራበት ሙዚቃ ሰፊ ክፍል የተረፈው አንድ ወጣት መብቱን ሳይጠይቅ በመጀመሩ ነው። ይህን ነገር የባህል ፖሊሲ የሚያረቁ ሰዎች ቢያስቡበት ደግ ነበር።

ነገር ግን ሸክላ ሁሉን አይነግረንም። ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ነው። ጋሼ አንድ ዘፈን ባለቀ ቁጥር «እዚህ ጋ ነው የጀመረው!» ይላሉ። በሆቴሉ አዳራሽ ያው ዜማ ከዚህ በኋላ ነበር የሚሰፋው፤ ሳክስፎኑ ተራውን ይወስዳል፣ ኦርጋኑ ይመልስለታል፣ ከበሮው እየገፋ ይሄዳል። ሙላቱ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ላይ የጃዝን ስምም የገነባበት ጥበብ በሸክላ ይሰማል፤ ተጫዋቾቹ በዚያ ሜዳ ላይ እንዴት እንደ ፈነጩ ግን የሚያውቀው በሥፍራው የነበረ ሰው ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያንጎራጉር ጃዝ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክር ስንት እሑድ አምሽተናል! አንዱ አባላችን «ጃዝ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው የነፋው» ይላል፤ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ሰዓት እላፊው ይመጣል። ከ1974ቱ አብዮት ጀምሮ በደርግ ዘመን ሁሉ የከተማዋ ሌሊት በወታደር እጅ ነበር። የሌሊት ክበብ የሚኖረው ሰው እንደ ልቡ ሲገባና ሲወጣ ነው፤ ያ ሲከለከል አነስተኛ ቤቶች ከሰሙ፣ ሙዚቃው እንግዶቹን እስከ ንጋት ማቆየት ወደሚችሉ ትልልቅ ሆቴሎች ተጠጋ። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ይጫወት በነበረበት ጊዜ ታዳሚው ሰዓት እላፊው እስኪነሣ እዚያው ያድር እንደነበር የባንዱ አባላት ራሳቸው ተናግረዋል። ጋሼም ከእነዚያ አዳሪዎች አንዱ ነበሩ። «እንደዚያ ያለ ሙዚቃ ዳግም አልሰማሁም» ይላሉ። አምናቸዋለሁ። ዳሩ ግን ያን ሌሊት ሲያወሱ በሩ ለምን እንደ ተዘጋም ጨምረው ይነግሩናል። ሁሉም አፍቃሪ እንዲህ አያደርግም። ናፍቆት ሙዚቃውን አስቀርቶ ጠብመንጃውን ከሥዕሉ ሲያወጣ፣ ጨቋኝ ዘመን ሳይገባው ምስጋና ይቀበላል። በሂልተን ያደረው ሰው ቆንጆ ሌሊት አሳለፈ፤ የመግቢያ ዋጋ ያልነበረው እኩያው ደግሞ በሩን ቆልፎ የጥይት ድምፅ ሲያዳምጥ አደረ። የሁለቱም ትዝታ ያው የአንድ ከተማ ትዝታ ነው።

የተረፈውን የሰበሰቡት ባዕዳን መሆናቸውም ሊያነጋግረን ይገባል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም ተከታታይ ቅጾችን አሳተመ፤ በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ዜማዎች ለዓለም አሰማ። ሰውየውን አመሰግነዋለሁ እንጂ አልወቅሰውም፤ የባለቤቱን ቸልተኝነት በእንግዳው ትጋት ማሳበብ ነውር ነው። ነገር ግን ዝናው የሸክላውን ዋጋ ሰቀለው፤ ዋናው ቅጂ በአውሮፓና በጃፓን ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ሲገኝ፣ እኔ ተማሪዎቼን «ሄዳችሁ ስሙ» ብዬ የምልካቸው ወደ አንድ ጡረተኛ ሳሎን ነው።

ክበቦቹም ዕድላቸው ከዚህ የተሻለ አልሆነም። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2015 በእሳት ጠፋ። በ2024 ካዛንቺስ ሲፈርስ አዝማሪውንም ጃዚስቱንም ሲያስተናግድ የኖረው የፈንድቃ ቤት አብሮ ፈረሰ። ቃጠሎ አደጋ ነው፤ ማፍረስ ውሳኔ ነው። መንገድ መስፋቱን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሰዎች ለዓመታት ተገናኝተው ጆሯቸውን የሞረዱበት ቤት በካሬ ሜትር ብቻ ሲተመን ዝም ማለት አልችልም። አዳራሽ በአንድ ዓመት ይሠራል፤ አድማጭ ግን በአንድ ዓመት አይሠራም።

ጌታቸው በ2016 አረፈ፤ ዓምሃና ዓለማየሁ በ2021 ተከተሉት። አድማጮቻቸውም እያለፉ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ ሸክላዎቹን ተማሪ ገብቶ ሊያዳምጥበት በሚችል የሕዝብ ቤት ማስቀመጥ፣ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ የሆነውን ደግሞ ከሚያስታውሱት አንደበት መቅዳት። የመጀመሪያው በጀት ይፈልጋል። ሁለተኛው የሚፈልገው አንድ መቅረጫና የሚያዳምጥ ሰው ነውና እኛ ጀምረነዋል። ጋሼ ባለፈው ወር ከውጭ አገር ነጋዴ የግዢ ጥያቄ ደርሷቸዋል። ልጆቻቸው «ይሽጡት» ይላሉ። እሳቸው ደግሞ «ላውርሰው ብልስ ለየትኛው ቤት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ጥያቄያቸውን ሊመልሱ ለሚችሉት ሁሉ አስተላልፌያለሁ።

ቸር እንሰንብት።