ከዘመሮ እስከ ላሊበላ በታኅሣሥ ውርጭ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን እናቴ ዘመሮ እሳት ዳር እንደተቀመጠች፣ “ዘንድሮ ገናን የማከብረው ላሊበላ ነው። በእግሬ ነው የምሄደው፤ ልጅቷንም ይዣት እሄዳለሁ” አለች። ልጅቷ የምትላት የእኔን ልጅ ነው፤ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቴ ደግሞ ሰባን አልፋለች። “እማዬ፣ መኪና እያለ?” አልኳት። “ስለቴ የእግር ነው” ብላ ዘጋችው።

ስለቷን አልተቃወምኩም። የፈራሁት ብርዱን ነው።

የከተማ ሰው ብርድ ሲባል ትዝ የሚለው ሐምሌና ነሐሴ ነው። መንዜ ግን ክረምቱን በጭቃው፣ ታኅሣሥን በውርጩ ያውቃቸዋል። በክረምት ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ሸፍኖ የመሬቱን ሙቀት ያቆያል። በታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ደረቅ ስለሚል ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ወደ ላይ ይበተናል። ቀን ፀሐይ ጀርባ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ከፍ ባለው ደጋ ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሚብሰውም ጎህ ሲቀድ ነው፤ መንገደኛ “ፀሐይ ሳይበረታ” ብሎ በሚነሣበት ሰዓት። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ ከነፋስ ለመሸሸግ ብሎ ሸለቆ ውስጥ ሜዳ ላይ የተኛ ሰው፣ ከፍ ብሎ ከተዳፋቱ ላይ ካደረው ይልቅ አመዳይ ይዞት ሊያድር ይችላል።

ከመንዝ ላሊበላ በቀጥታ ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽቅቡና ቁልቁለቱ ሲጨመር ግን በጣም ይረዝማል። መንገዱም ሁለት ነው። አንዱ ደጋ ደጋውን በግሼ አድርጎ ወደ ወረኢሉና ደሴ ይወስዳል። ሌላው በመሐል ሜዳ በኩል ወደ አጣዬ ይወርድና በኮምቦልቻ ያወጣል። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አጣዬ 1,500 ሜትር ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ፣ ጠዋት እጁ ቆፍኖት የተነሣ ሰው ቆላ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ቆላው ለብርዱ መሸሻ ነው፤ ግን ወባ አለበት፤ አጎበር ያስፈልጋል።

እናቴ ደጋውን መረጠች። ከዚያ በኋላ የተከራከርነው በዝርዝሩ ነበር። ባናው ቢከብድም ይያዝ አልኳት፤ የመንዝ በግ ሱፍ ቢርስም ሙቀቱን አይለቅም፤ የጥጥ ጋቢ ግን ከረጠበ ብርድ ይስባል። ሲመሽ ለመልበስ ደረቅ ካልሲና ደረቅ ሸሚዝ ለብቻ ተቋጠረ። ስንቁ የጾም ስለሆነ ቅቤ የለበትም፤ በሶና ቆሎ ነው። ውርጭ ላይ ባዶ ሆድ መሄድ ሰውነትን ቶሎ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካከረች። ፀሐይ ሳትወጣ ላትነሣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያ ልትይዝ ተስማማች። የሚንቀጠቀጥ ሰው መንቀጥቀጡን አቁሞ መፍዘዝ፣ አፉም መተሳሰር ከጀመረ ግን መንገዱ ይቅር፤ ደረቅ ልብስ፣ እሳትና ሙቅ ነገር፣ ከዚያም ሐኪም።

የልጅቷ ነገር ቀረ። የልጅ ሰውነት ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ስትጫወት የዋለች ልጅ ሲመሽ በድንገት ትደክማለች። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና፣ “ስለቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም” አለች። እኔና ልጄ በመኪና ሄደን ላስታ ላይ ልንጠብቃት፣ የመጨረሻውን ቀን መንገድ ሦስታችንም በእግር ልንጨርሰው ተስማማን።

እንደዚያው ሆነ። ታኅሣሥ 28 ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ የአያቷን መቋሚያ ይዛ ከፊት ከፊት እየሄደች ላሊበላ ገባን። ያሳደሩን ሰዎች እንደ አገሩ ወግ የእናቴን እግር አጠቡ። በማግስቱ፣ የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት አብረው በሚከበሩበት ቀን፣ በተሳላሚው መካከል ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

ስለ መንገዱ ስጠይቃት ያወራችኝ ስለ ባናው አይደለም። አንድ ምሽት መንገድ ተሳስተው መሽቶባቸው ነበር። ነፋስ ተነሥቶ እጇ አልታዘዝ ሲላት አንድ ቤት ደርሰው “የእግዜር እንግዳ ነን” አሉ። በሩ ተከፈተ፤ ሕፃናቱ ከእሳቱ ዳር ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው።

ዘንድሮ ስለት ያለባት እናት ካለቻችሁ፣ ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ቀጥሎ ደረቅ ልብሷን ቋጥሩላት። ቤታችሁ መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ በታኅሣሥ ምሽት በር ሲንኳኳ ፈጥናችሁ ክፈቱ።