ፊት የሌለው አበዳሪ

ዕዳ ያለበት ሰው ብር እጁ ሲገባ ቀድሞ የሚከፍለው ለሚያፍረው ሰው ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ውስጥ ፓይፕላይንም ሆነ ፌዳ ብንኖር፣ ዱቄትና ስኳር በዱቤ በሰጠችን ባለሱቅ ደጃፍ በቀን ሁለቴ እናልፋለን። ስለዚህ ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ እሷ ጋ ነው። ቀጥሎ አከራዩ፣ ቀጥሎ ጓደኛ። የስልኩ ብድር ግን አያፈጥብንም፣ ወሬ አያወራብንም፤ ስለዚህ ይቆያል። የሚገርመው ባለሱቋ በዱቤዋ ላይ አንድ ሽልንግ አትጨምርም። የሚጨምረው ስልኩ ነው፣ ያውም በየቀኑ።

ፉሊዛን እንውሰድ። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ያወጣው፣ የኤም-ፔሳ ሂሳባችን ሲጎድል ጉድለቱን የሚሞላ ብድር ነው። በ2022 ታሪፉ ከተቀነሰ ወዲህ እንኳ 1000 ሽልንግ የወሰደ ሰው ሲወስድ 1 በመቶ ይቆረጥበታል፣ ሦስት ቀን በነጻ ያድራል፣ ከዚያ በቀን 6 ሽልንግ ይታሰብበታል። ወር ቢሞላው ወደ 172 ሽልንግ መሆኑ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሚከፋው አሰባሰቡ ነው። አንድ የቦዳ ቦዳ (የሞተር ታክሲ) ነጂ ደንበኛው 200 ሽልንግ ሲልክለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ገንዘቡ መግባቱን የሚነግረው መልእክት መጣ፣ ወዲያው ሌላ ተከተለው፦ 200ውም ለፉሊዛ ዕዳ ተቆርጧል። ቤንዚን መቅጃ ስላልነበረው እዚያው ቆሞ እንደገና ፉሊዛ አደረገ፤ 1 በመቶውም እንደገና ተቆረጠ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ እየከፈለ ነው የዋለው፣ ማታ ላይ ግን ዕዳው ያው ነው። (አዲስ አበባ ያላችሁ አትሳቁብን፤ ቴሌብር በ2022 ከዳሽን ባንክ ጋር ያመጣው «እንደኪሴ» ሐሳቡ ይኸው ነው።)

እንግዲህ ወረቀት አውጡ። ያለባችሁን በሙሉ፣ የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ከዳር ደግሞ በቀን ስንት እንደሚጨምር ጻፉ። የክፍያውን ተራ የሚወስነው ይሄ የዳሩ ቁጥር ነው። በየቀኑ የሚቆጥረው ይቅደም። ሌላው የስልክ ብድር ኤም-ሽዋሪ ለ30 ቀን 7.5 በመቶ አንዴ ይወስዳል፣ ቀኑ ካለፈ ግን ይደግመዋል፤ ስለዚህ የሱ ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ይከበብ። ዜሮ የሚጨምሩት ባለሱቋና ጓደኛ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። መጨረሻ ይመጣሉ ማለት ግን ይጠፋባቸዋል ማለት አይደለም። ሄዳችሁ «ማማ፣ ዛሬ 300፣ የቀረውን በ15» በሏት። መንገድ ቀይሮ ከሚሸሻት ሰው ይልቅ ቀን ቆርጦ የሚነግራትን ትታገሣለች። ኪራይም እንደዚሁ ነው፤ ከወሩ 5 በፊት ግማሹን ይዞ የሕንፃውን ተቆጣጣሪ (ኬርቴከሩን) የሚያናግር ሰው ጊዜ ያገኛል፣ በር ዘግቶ የተደበቀ ግን መቆለፊያ ይጠብቀዋል።

መንግሥት በኅዳር 2022 የጀመረው ሃስለር ፈንድ በዓመት 8 በመቶ ስለሆነ ከስልክ ብድሮቹ ይረክሳል፣ ግን የኬንያ ዜግነት መታወቂያ ይጠይቃልና እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያንን በአብዛኛው አይመለከትም። እኛ ያለን እቁብ ነው። ሰብሳቢውን ቀድሞ መውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ወለድ የለበትም። ቀድሞ የወጣ እቁብም ግን ዕዳ ነው፤ በወጣው ብር ፍሪጅ የገዛ ሰው ሁለት ዕዳ ታቅፎ ይቀራል። ብሩ በገባበት ቀን በቀጥታ ወደ ስልኩ ዕዳ ይሂድ። ፉሊዛው ዜሮ እንዳለም በዚያው ቀን ከምናሌው ገብታችሁ አገልግሎቱን ዝጉት። ለነገ ያሳደረው ሰው ሲዘጋው አላየሁም።

አሁን ማንም የማይወደውን ልናገር። ብዙዎቻችን የምንበደረው ለራሳችን አይደለም። በፋሲካ ሰሞን እናት ደውላ የበግ ዋጋ ስታነሣ «የለኝም» ማለት ያንቀናል፤ ከስልኩ ወስደን እንልካለን። እዚህም ያው ሀፍረት ነው የሚያዘን። በወር የምትልኩትን ቁረጡና አስቀድማችሁ ንገሯት፦ «እማዬ፣ እስከ ሰኔ ድረስ የምልከው ይኼን ያህል ነው፤ ዕዳ ልዘጋ ነው።» ትቀየማለች ብላችሁ ከሆነ፣ እኔ የማውቃቸው እናቶች የልጃቸውን ዕዳ ቢያውቁ በጉ ይቅር የሚሉ ናቸው።

የስልክ ብድር መተግበሪያዎች ደግሞ ክፍያ ዘግይቶባቸው ፊት ሲያስፈልጋቸው የናንተን ዘመድ ፊት ይዋሳሉ፤ ለአጎታችሁ፣ ለአለቃችሁ ይደውላሉ። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ በመጋቢት 2022 ያወጣው ደንብ ይህን ይከለክላል፤ ለመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤትም አቤት ማለት ይቻላል። የተደወለበትን ቁጥርና ሰዓት መዝግቡ። ከፍላችሁ ስትጨርሱም የተበዳሪዎችን መዝገብ በሚይዘው ሲአርቢ ላይ ስማችሁ መስተካከሉን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፣ የክፍያውንም መልእክት ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ።