ብቻን የሚወርድ ሸራ

ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን ያለው የአትላንቲክ መንገድ 2,700 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የንግድ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ጀልባ መንገዱን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ነፋሱን ከጀርባው ያገኘዋል። በየዓመቱ በኅዳር ወር በዚህ መንገድ ከሚያልፉት የሸራ ጀልባዎች ጥቂት የማይባሉት ከሁለት ሰው በላይ የላቸውም፤ ባልና ሚስት፣ ወይም ሁለት ጓደኛሞች። ከጉዞው በፊት ባሉት ወራት ሁሉም አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል፦ ለኋላ ነፋስ የትኛውን ሸራ እንግዛ?

ሸራ ሻጩ ስለ ፍጥነት ያወራል። እኔ ግን ምርጫው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መጀመር አለበት እላለሁ። አንዱ ተኝቷል፣ ሌላው ተረኛ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ወጀብ መጣ። ያንን ሸራ ማን ያወርደዋል?

*

ነፋስን ከኋላ አድርጎ የሚሄድ ሰው ነፋሱ ያነሰ ይመስለዋል። በ16 ኖት (በሰዓት 16 የባሕር ማይል) የሚነፍስ ነፋስ፣ ከፊቱ በ6 ኖት ለምትሄድ ጀልባ 10 ኖት ብቻ ሆኖ ይደርሳታል። ሰው ሸሚዙን አውልቆ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሸራ ቢጨመር ምንም የማይመጣ ይመስላል። ያችው ጀልባ በዚያው ነፋስ ፊቷን ወደ ነፋሱ ብታዞር ግን 20 ኖት ገደማ ይገጥማታል። የነፋስ ጫና ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ሸራ የተሰቀለው በለስላሳ ነፋስ ነው፤ የሚወርድበት ሰዓት ሲመጣ ነፋሱ ራሱ በርትቷል፤ ጀልባዋ ዞር ካለች ደግሞ ጫናው ከዚያም ይብሳል።

*

በነሐሴ 1492 እ.ኤ.አ. ከኮሎምበስ ሦስት መርከቦች አንዷ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ነበረች። ወደ ነፋስ ተጠግቶ ለመሄድ የሚመች ሸራ ነው። ካናሪ ደሴቶች ሲደርሱ ግን ያ ሸራ ወርዶ በምትኩ አራት ማዕዘን ሸራ ተሰቀለላት። አብዛኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች መርከቧ ኒኛ ናት ይላሉ። መስከረም 6 ከጎሜራ ተነሥተው ጥቅምት 12 መሬት አዩ።

በዚህ መንገድ ላይ ሸራን ለኋላ ነፋስ መለወጥ የአዲስ ዘመን ቅንጦት አይደለም። ውቅያኖሱን ከማቋረጣቸው በፊት ያስጨነቃቸው ጉዳይ ነበር፤ ውሳኔውንም ባሕር መሐል ሳይሆን ወደብ ላይ ወሰኑት።

*

ለፍጥነትም ቢሆን ድርሻውን መስጠት ተገቢ ነው። 2,700 ማይሉን በ5 ኖት የሄደ ሃያ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጅበታል። በ6 ኖት የሄደ አሥራ ዘጠኝ ቀን አይሞላውም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአራት ቀን ገደማ የመጠጥ ውኃ፣ ምግብና የእንቅልፍ እጦት ነው። ከኋላ ነፋስ ጋር ተራ ሸራ ብቻ ይዞ መንሳፈፍ ብልህነት አይደለም።

ነገር ግን የጀልባዋ ቀፎም ወሰን አለው። ውኃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቱ 11 ሜትር የሆነ ከባድ የጉዞ ጀልባ ከ8 ኖት ብዙም አያልፍም፤ ራሱ የሚፈጥረው ሞገድ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ሸራ ጀልባዋን ከማናወጥና መሪውን ከማክበድ በቀር ትርፍ የለውም።

*

ስፒናከር፣ ከፊት የሚነፋው ትልቁ የኋላ ነፋስ ሸራ፣ ውብ ነው። ቀጭኑ የናይለን ጨርቅ በካሬ ሜትር 40 ግራም ያህል ይመዝናል። ለ12 ሜትር ጀልባ የሚሆን 100 ካሬ ሜትር ሸራ ጨርቁ ብቻ 4 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ሕፃን ልጅ ሊሸከመው ይችላል። በ10 ኖት ነፋስ ሲነፋ ግን ከ150 ኪሎ በሚበልጥ ኃይል ይጎትታል፤ በ20 ኖት ደግሞ የዚያን አራት እጥፍ። አንድ ሰው በእጁ ሊከራከረው የሚችል ኃይል አይደለም።

ጀልባዋ ስትናወጥ ነፋሱ ለአፍታ ካመለጠው፣ ከደቀሉ ጫፍ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ በተወጠረው ሽቦ ላይ ይጠመጠማል፤ ከላይም ከታችም ይነፋል፣ ወገቡ ላይ ይታነቃል። ያኔ አይወጣም፣ አይወርድም። በሚናወጥ ደቀል ላይ ቢላዋ ይዞ መውጣት የግድ የሆነባቸው ሰዎች አሉ።

ለውድድር ጀልባ ይህ ሸራ ትክክለኛ ምርጫ ነው። እዚያ ስድስት ወይም ስምንት ሰው ገመድ ይዞ ይጠብቃል።

*

ጄናከር የሚባለው ሁለቱ ጎኑ እኩል ያልሆነ ሸራ ከስፒናከር ይልቅ ለጉዞ ሰው ይቀርባል። ዘንግ አያስፈልገውም፤ አንዱ ጥጉ ከጀልባዋ አፍንጫ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ከረጅም የጨርቅ ቱቦ ጋር ይሸጣል፤ ቱቦው በገመድ ሲሳብ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ሸራውን ይውጠዋል። ጥሩ ፈጠራ ነው፤ ነፋሱ ልክ ሲሆን አንድ ሰው ይሠራበታል። ነፋሱ ሲበረታ ግን ያው ሸራ ቱቦውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሸራውን በዋናው ሸራ ጥላ ሥር አስገብቶ ነፋሱን ማሳጣት ያስፈልጋል። ሻጩ ይህን አጥብቆ ሲናገር አልሰማሁም።

ሌላው ችግሩ ነፋሱ በቀጥታ ከጀርባ ሲሆን አለመሥራቱ ነው። በዋናው ሸራ ተጋርዶ ይልፈሰፈሳል። እንዲሞላ ከቀጥተኛው መንገድ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን መሄድ ያስፈልጋል፤ መንገዱም በዚያው ልክ 15 በመቶ ይረዝማል። ሌላው ጀልባ በቀጥታ በ6 ኖት እየሄደ ከሆነ፣ ባለ ጄናከሩ እኩል ለመድረስ 7 ኖት መሄድ አለበት ማለት ነው። ቀላል ጀልባ ያደርገዋል። ምግብ፣ ውኃና ነዳጅ የተጫነበት ጀልባ ግን ይቸገራል።

*

ታኅሣሥ ላይ በንግድ ነፋስ መንገድ ሌሊቱ ከቀኑ ይረዝማል፤ ወደ አሥራ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ሸራ ሲመረጥ ይህ ሲነሳ አልሰማም፤ ለእኔ ግን ዋናው ቁጥር እሱ ነው። ሁለት ሰው ያለባቸው ጀልባዎች አብዛኞቹ ትልቁን የናይለን ሸራ ፀሐይ ስትጠልቅ ያወርዱታል፤ ትክክልም ናቸው። ወጀብ በጨለማ አይታይም፤ 15 ኖት የነበረውን ነፋስ በደቂቃዎች ውስጥ 30 ያደርሰዋል።

እንግዲህ እናስላው። ባለ ትልቁ ሸራ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት በ7 ኖት ሄደ፦ 77 ማይል። ሌሊት አሥራ ሦስት ሰዓት በትንሽ ሸራ በ5 ኖት ሄደ፦ 65 ማይል። ድምሩ 142 ነው። ሌሊቱንም ሳይፈራ በሚተወው መካከለኛ ሸራ ሃያ አራት ሰዓት በ6 ኖት የሄደው ደግሞ 144 ማይል ሄዷል፤ ማታና ጠዋትም አልደከመም።

ሌሊት የምንፈራው ሸራ የግማሽ ቀን ሸራ ነው። ዋጋውን ግን ሙሉ ነው የምንከፍለው።

*

ያ መካከለኛ ሸራ ከሞላ ጎደል በሁሉም ጀልባ ላይ አስቀድሞ አለ። ጄኖአ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊት የሚሰቀለው፣ በሽቦው ዙሪያ የሚጠቀለለው ሸራ። የሚጎድለው ዘንግ ብቻ ነው። ከደቀሉ ወደ ጎን የሚዘረጋ ጠንካራ የአሉሚኒየም ወይም የካርበን ዘንግ የሸራውን ጥግ ይዞ ከነፋሱ ፊት ያቆመዋል። በቀጥታ ከጀርባ በሚመጣ ነፋስም ይሞላል።

ምሥጢሩ አስተሳሰሩ ላይ ነው፤ ረጋ ብዬ ልናገረው። ዘንጉ በሦስት ገመድ ይያዛል፦ አንዱ ከላይ ያንጠለጥለዋል፣ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይወጥረዋል። ሸራውን የሚስበው ገመድ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በዘንጉ ጫፍ ሾልኮ ብቻ ያልፋል። እንዲህ ከታሰረ ዘንጉ ያለ ሸራም ጸንቶ ይቆማል። ወጀብ ሲመጣ ተረኛው ከመሪው ቦታ ሳይነሳ አንዱን ገመድ እየለቀቀ ሌላውን እየሳበ ሸራውን በግማሽ፣ ቢያስፈልግም በሙሉ ይጠቀልለዋል። ወጀቡ ሲያልፍ መልሶ ይዘረጋዋል። የተኛው ሰው አይቀሰቀስም። ወደ ጀልባዋ አፍንጫ በጨለማ የሚሄድም የለም።

ይህ ሁሉ በቀን፣ በጸጥታ፣ ወደብ ላይ እያሉ መታሰር አለበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው አባባላችን ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትንሽ ጥንቃቄ ነው፦ ገመዱ በዘንጉ ጫፍ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ሲፈገፈግ ከሰነበተ ይበጠሳል፤ በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለቀቅ ወይም ሳብ ማድረግ ይበቃል።

*

በ1933 እ.ኤ.አ. ማረን ማሪ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊና መርከበኛ ዊኒቤል በተባለች ጀልባው ብቻውን አትላንቲክን ተሻገረ። ከፊት ሁለት እኩል ሸራዎችን በሁለት ዘንግ ግራና ቀኝ ዘርግቶ ገመዶቻቸውን ከመሪው ጋር አያያዛቸው። ጀልባዋ ወደ ግራ ስትስት አንዱ ሸራ መሪውን ይስበዋል፣ ወደ ቀኝ ስትስት ሌላው። ሰውየው ተኛ፤ ጀልባዋ ራሷን ነዳች። የሸራ ጀልባ አውቶፓይለት ባልነበረው ዘመን ሸራ የተመረጠው ለእንቅልፍ ነበር። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥበብ ዛሬም አላየሁም።

ከእሱ በፊት ጆሹዋ ስሎከም ነበር፤ ከ1895 እስከ 1898 ብቻውን ምድርን የዞረ የመጀመሪያው ሰው። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ 2,700 ማይል በሃያ ሦስት ቀን ሲሄድ መሪ የጨበጠበት ጊዜ በድምሩ ከሦስት ሰዓት አይበልጥም ሲል ጽፏል።

*

ስለ ዋናው ሸራ አጭር ቃል። በኋላ ነፋስ የዋናው ሸራ ግርጌ የታሰረበት አግድም ዘንግ፣ ቡሙ፣ ወደ ጎን ተዘርግቶ ይቆያል። ጀልባዋ ትንሽ ከሳተችና ነፋሱ በሌላው በኩል ከገባ፣ ቡሙ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል። ሰው ገድሏል። ከቡሙ ጫፍ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ የሚታሰር አንድ ጠንካራ ገመድ ይህን ይከለክላል። ያለዚያ ገመድ የሚሄድ ጀልባ ላይ አትሳፈሩ።

*

በእኛ በኩልም የኋላ ነፋስ ታሪክ አለ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን የአዱሊስን ወደብ ያየው ነጋዴው ኮስማስ ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ ከሚመላለሱት መርከቦች መካከል የኢትዮጵያን ይጠቅሳል። በክረምታችን ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሕንድ ይነፍሳል፤ በበጋችን ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ ይመልሳል። በዚህ ነፋስ የኖሩ መርከበኞች ሲሄዱም ሲመለሱም ነፋሱን ከጀርባ ለማግኘት ወራት ይጠብቁ ነበር። የክረምቱ ነፋስ በጣም በሚበረታበት ጊዜ ደግሞ የሕንድ ምዕራባዊ ወደቦች ይዘጉ ነበር፤ ነፋሱ ወደሚፈልጉት አገር እየነፈሰ እንኳ።

*

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ሁለት ሆናችሁ ውቅያኖስ የምታቋርጡ ከሆነ መጀመሪያ ዘንጉን ግዙ፤ ከነገመዶቹ፣ ለጄኖአችሁ የሚበቃ ርዝመት ያለው። ገንዘብ ከተረፈ ለደካማ ነፋስ ባለ ቱቦ ጄናከር ጨምሩ፤ ነፋሱ 8 ኖት በሆነበት ቀን ትደሰቱበታላችሁ። ፓራሴለር የተባለውን፣ በመሐሉ የአየር ክንፍ የተሰፋለትን ሸራ፣ የሚያመሰግኑት ብዙ ናቸው፤ ግን የመጀመሪያው ግዢ አይሁን።

የትኛውንም ከመግዛታችሁ በፊት ሸራ ሻጩን ወይም ሸራው ያለውን ሰው ለምናችሁ በ15 ኖት ነፋስ ባሕር ላይ ሞክሩት። ከሁለታችሁ ጉልበቱ ያነሰው ሰው ብቻውን ያውርደው፤ ሌላው እጁን አጣምሮ ይቀመጥ። ካልወረደለት አትግዙት።