የሎስ ሮዴዮስ ደመና

በዚህ ሳምንት የጉዞ ዓምዳችን ከአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ባሻገር፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው የስፔን ደሴት ወደ ተነሪፍ ያመራል። ደሴቲቱ 3,715 ሜትር ከፍታ ያለውን የቴይዴን እሳተ ገሞራ የተሸከመች፣ ፀሐይ ናፋቂ አገር ጎብኚዎች የሚጎርፉባት ምድር ናት። ሆኖም በሰሜኗ፣ በላ ላጉና ከተማ አጠገብ ያለው የሎስ ሮዴዮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሌላ ጠባይ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ነፋስ ከውቅያኖስ እየገፋ የሚያወጣው ደመና በሜዳው ላይ ይተኛል። የደጋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አሁን ጥርት ብሎ የታየው መስክ ከአፍታ በኋላ ይሰወራል።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1977) በጎረቤት ደሴት በግራን ካናሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ፈነዳ፤ ወደዚያ ይበሩ የነበሩ አውሮፕላኖችም ወደ ሎስ ሮዴዮስ ተላኩ። ሜዳው ተጣበበ። ደመናውም ወረደ። የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. እና የአሜሪካው ፓን አሜሪካን ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ ሳሉ አንዱ ሌላውን አያይም፤ ከመቆጣጠሪያው ማማም ሁለቱን የሚያይ አልነበረም።

የሆላንዱ አዛዥ አብራሪ በድርጅቱ የ747 አብራሪዎች ሥልጠና ኃላፊ፣ በሙያው የተከበረ ሰው ነበር። መጀመሪያ ለመነሣት ሲቃጣ ረዳቱ ፈቃድ እንዳልተሰጣቸው አሳሰበው፤ እርሱም ቆመ። ቀጥሎ የተነገራቸው የጉዞ መሥመር እንጂ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም፤ አዛዡ ግን መንደርደር ጀመረ። በዚህ ጊዜ የበረራ መሐንዲሱ በራዲዮ የሰማው ነገር አጠራጥሮት፣ የአሜሪካኑ አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣ ይሆን ሲል ጠየቀ። አዛዡ መውጣቱን በሙሉ ልብ አረጋገጠለት። ከዚያ መልስ በኋላ ጥያቄውን የደገመ አልነበረም። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ በደረሰው ግጭት 583 ሰዎች አለቁ።

ለአደጋው ደመናውም፣ የተደራረበው የራዲዮ ድምፅም፣ የሜዳው መጣበብም ድርሻ ነበራቸው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የመሐንዲሱ ጥያቄ ነው። ያ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር የቀረበ ገንቢ ሂስ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል ለጎረቤት ጠብ ይበጅ ይሆናል፤ በአብራሪዎች ክፍል ግን ዝምታ ይነቅዛል።

የአቪዬሽን ዓለም ከዚህና ከመሰል አደጋዎች ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በጉዳዩ ላይ የምክክር ጉባኤ አካሄደ፤ በ1981 ዩናይትድ አየር መንገድ ታናሹ እንዲናገር፣ አለቃውም እንዲያደምጥ የሚያስተምር ሥልጠና ጀመረ። ፍሬውም በ1989 ታየ። የዚሁ አየር መንገድ ዲሲ 10 አውሮፕላን መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ግፊት በሙሉ ጠፍቶበት ሳለ፣ አዛዡ አል ሄይንስ የባልደረቦቹንና ከመንገደኞች መካከል የተነሣን አንድ የበረራ አሠልጣኝ ምክርና እጅ ተቀበለ። አውሮፕላኑ በአዮዋ ግዛት በሱ ሲቲ ሜዳ ላይ ተከሰከሰ፤ ከ296 ሰዎች ግን 184ቱ ተረፉ።

ዛሬ ላ ላጉናን የሚጎበኝ መንገደኛ በሜሳ ሞታ ኮረብታ ላይ፣ በ2007 የቆመውን የመታሰቢያ ሐውልት ያገኛል። ሐውልቱ ወደ ሰማይ የሚጠመዘዝ፣ መድረሻ የሌለው ደረጃ ነው።

ለጦር ሠፈር ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ሂስ የሚሰጥ ያየውን በጊዜው፣ ለሚመለከተው፣ ያለ ዘለፋ ይናገር። ሂስ የሚቀበልም ማዕረጉን ሳይሆን ነገሩን ይመዝን፤ አጣርቶ የወሰነ አዛዥ አዛዥነቱ አይጎድልበትም። በቤተሰብ ዘንድም እንዲሁ ነው። ልጅ «አባዬ፣ ጎማው ተንፍሷል» ሲል፣ አባት ጎንበስ ብሎ ጎማውን ይይ። ልጁ ተሳስቶ ቢሆን እንኳ «ደግ አደረግህ፤ ነገም ንገረኝ» ይበለው።