በእጅ የተሠራች መጽሔት

አሳታሚ ሳይጠብቅ የሕይወቱን ታሪክ በሥዕል የሚያሠራጭ ሰው አለ ብንላችሁ ምን ትላላችሁ? አሜሪካዊው ጆን ፖርሴሊኖ «ኪንግ ካት» የተባለችውን ትንሽ የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት የጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ራሱ እየጻፈና እየሳለ፣ በፎቶ ኮፒ እያባዛ፣ አጥፎ በስቴፕለር እያያያዘ፣ በፖስታ እየላከ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘልቋል። ሥዕሉ ጥቂት ቀጫጭን መስመር ብቻ ነው። ጉልበተኛ ጀግናም የለበትም። በ2005 በመጽሐፍ የተሰበሰቡት ታሪኮቹ የሚተርኩት ትንኝ ለማጥፋት መድኃኒት ይረጭ ስለነበረበት ሥራና ሥራው ስላሳደረበት የሕሊና ጥያቄ ነው።

እኛ መምህራን ከዚህ ምን እንወስዳለን? በየክፍላችን በደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚስል ልጅ አይታጣም። በትምህርት ሰዓት «ወደ ሰሌዳው ተመልከት» ማለታችን ተገቢ ነው። ከደወሉ በኋላስ? አንድ ነጭ ወረቀት ሦስት ጊዜ ታጥፎ መሐሉ አንዴ ቢቀደድ ባለ ስምንት ገጽ መጽሐፍ ይወጣዋል። ወላጆች ሆይ! ወረቀቱን አትንፈጓቸው፤ የአያታቸውን ታሪክ፣ የሰፈራቸውን ውሎ ይሳሉበት። የሌላውን ታሪክ ብቻ እያነበበ ያደገ ልጅ የገዛ ቤቱ ታሪክ የሚነገር አይመስለውምና።