ከዳሞታ እስከ አባያ፦ ውሃ ስንት ሜትር ላይ ይገኛል?

በወላይታ ሶዶ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ላይ ይወጣል?» ብሎ ነው። ጎረቤቱ የራሱን ይነግረዋል። በወላይታ ግን የአንዱ ግቢ ልክ ለሌላው ዋስትና አይሆንም፤ ጥልቀቱን የሚወስነው ቁልቁለቱና ከሥር ያለው አለት ነው።

ተራራው

ወደ 2,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው ዳሞታ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ ላይ የሚጥለው ዝናብ በአለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ገብቶ ግርጌው ላይ ይመነጫል። እዚህ ከቁፋሮ በፊት የሚቀድመው ምንጭ ማጎልበት ነው፤ ዓይኑ በግንብ ይከለላል፣ ውሃው በራሱ ክብደት በቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል።

ከተማው

ሶዶ ላይ መሬቱ ቀይ አፈር ነው፤ የእሳተ ገሞራ አለት ለብዙ ሺህ ዓመታት በስብሶ የፈጠረው። ሸክላ ስለሚበዛበት ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ ግን አይለቅም። የእጅ ቆፋሪዎች በባልዲ የሚያወጡትን ክምር ቀረብ ብሎ ላየው ታሪኩ ሁሉ እዚያ አለ፦ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫማ፣ ከዚያ ነጣ ያለ፣ ጠጠር የቀላቀለ እርጥብ ፍርፋሪ። ውሃው የሚጠበቀው እዚህ፣ አፈሩ ካልበሰበሰው አለት ጋር በሚገናኝበት ነው። የእጅ ጉድጓድ ከጥቂት ሜትሮች እስከ 20 ሜትር ገደማ ይወርዳል።

የሚቆፈረው በበጋው ማብቂያ፣ የውሃው ጠለል በጣም ሲወርድ ነው። በክረምት ተቆፍሮ ውሃ ያገኘ ጉድጓድ የካቲት ላይ ሊነጥፍ ይችላል። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከሱ በላይኛው ወገን መሆንም አለበት። ግቢዎች በተጠጋጉበት ሰፈር ይህ ካልተቻለ አለመቆፈሩ ይሻላል።

ቆላው

በአርባ ምንጭ መንገድ ወደ ሁምቦ ሲወረድ ዶማ የማይበግረው ባዛልትና ኢግኒምብራይት፣ ማለትም በራሱ ሙቀት ተጋግሮ የጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ይገጥማል። ውሃው በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ የቁፋሮ ማሽን ግድ ይላል። ስንጥቁን ያገኘ ጉድጓድ ብዙ ውሃ ሲሰጥ፣ ጥቂት እልፍ ብሎ የተቆፈረው ደረቅ ሊወጣ ይችላል። የስምጥ ሸለቆው ስብራቶች ውሃውን ወደ ጥልቅ ስለሚያሰርጉትም ቁፋሮው ከመቶ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በምዕራብ፣ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ውሃ ወደ ኦሞ ሸለቆ ስለሚያዘነብል በገደሉ ዳር ያለ ጉድጓድም ጥልቀት ይጠይቃል።

በቢላቴ ወንዝና በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ደግሞ የላላ የእሳተ ገሞራ አመድና ደለል አለ። ግድግዳው እንዳይናድ ቧንቧ መልበስ አለበት። እዚህ ጥልቀት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የስምጥ ሸለቆው ወለል ሙቅ ውሃና ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ያለፈውን እየጠጡ የሚያድጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፣ መጠኑ እጅግ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ፍሎራይድን ማፍላት አያስወግደውም። የላቦራቶሪ ምርመራ ከፓምፑ ግዢ ይቅደም።

ቆፋሪዎች በየሜትሩ ያወጡት አፈርና አለት፣ ውሃው የተገኘበት ጥልቀትና የምርመራው ውጤት ተመዝግቦ በየወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ደረቅ የወጣውም ጭምር ይመዝገብ፤ ቀጣዩን ቤተሰብ ከከንቱ ወጪ ያድነዋል።