ከድምፁ ቀድሞ የሚደርስ

ያለፈውን ዘመን ለማየት የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የገባ ሰው ዓይኑን ከአሁኑ ዘመን ላይ መንቀል ሲያቅተው ለመታዘብ የፈለገ፣ ከካምብሪጅ ከተማ በስተደቡብ የሚገኘውን የዳክስፎርድ አውሮፕላን ሜዳ ቢጎበኝ ይበቃዋል። የዚህ የእንግሊዝ ሜዳ ዕድሜ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ይጀምራል። «ስፒትፋየር» የተሰኘችው ዝነኛ ተዋጊ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1938 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአየር ኃይሉ የተሰጠችው እዚሁ ለነበረው 19ኛው ስኳድሮን ነበር። ዛሬ ቦታው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም አንድ ክፍል ሲሆን፣ በእንግሊዞች የበጋ ወራት በሚደረጉት የአየር ትርኢቶች እነዚያ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንቶች ከመጠለያቸው ወጥተው ይበራሉ። ሕዝቡም ሣሩ ላይ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ሻዩን ከፔርሙዝ እየቀዳ፣ የሞተራቸውን ጉርምርምታ ያዳምጣል። በእነዚህ አዛውንቶች መካከል አየር ኃይሉ አልፎ አልፎ የዛሬ ዘመን ተዋጊ ጀት ይልካል። የእርሱ ተራ ሲቃረብ ወሬ ይቋረጣል፤ ረጃጅም ሌንሶች ይነሣሉ።

ጀቱ በዚያ ሜዳ እንግዳ ነው። «ኤም 11» የተባለው አውራ ጎዳና ሲሠራ የዳክስፎርድ ማኮብኮቢያ በአንድ ጫፉ ተቆርጦ ርዝመቱ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ በመውረዱ፣ ተዋጊ ጀቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ የጦር ሰፈር ተነሥተው ይመጡና ትርኢታቸውን አሳይተው መሬት ሳይነኩ ይመለሳሉ። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ፀሐይም አታግዘውም። ተመልካቹ የሚቆመው ከማኮብኮቢያው በስተሰሜን ስለሆነ ቀትር ላይ ብርሃኑ ፊት ለፊት ይመጣበታል፤ አውሮፕላኑም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ልምድ ያለው ሰው ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል፣ ወይም አብራሪው ክንፉን አጋድሎ ጀርባውን እስኪያሳይ ድረስ ይታገሣል።

አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ካሜራ ማንሣት ሁለት ሙያ ይጠይቃል። የስፒትፋየር ፕሮፔለር በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል ይዞራል ቢባል፣ የካሜራው መዝጊያ ለ1/125ኛ ሰከንድ ሲከፈት ምላጩ የክቡን አንድ ስምንተኛ ያህል ይጓዛል፤ በፎቶግራፉም ላይ እንደ ስስ ጭስ ተዘርግቶ ይታያል። በ1/2000ኛ ሰከንድ ቢነሣ ግን የሚጓዘው 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነውና፣ አውሮፕላኗ ሞተሯ ጠፍቶ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለች ትመስላለች። ጀቱ ደግሞ የሚሽከረከር ነገሩ ሁሉ በሆዱ ውስጥ ነው። እርሱን ለመያዝ ከ1/1000ኛ ሰከንድ የፈጠነ መዝጊያና ከወገቡ በእርጋታ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል። አየሩ እርጥብ ሆኖ አብራሪው በኃይል ሲጠመዝዝ ከክንፉ በላይ ነጭ ጉም ለቅጽበት ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ አንሺዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጆሮን አለማመን ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ጀት የሚነሣ ድምፅ ተመልካቹ ዘንድ ለመድረስ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጀት በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች 750 ሜትር ይሄዳል። ድምፁ ወደ መጣበት አቅጣጫ ሌንሱን ያዞረ ሁሉ የሚያገኘው ባዶ ሰማይ ነው። ልምድ ያለው አንሺ አድማሱን እንጂ ጩኸቱን አይከተልም።

እ.ኤ.አ. በ2015፣ «የብሪታንያ ውጊያ» የሚባለው የአየር ጦርነት 75ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል አንድ «ታይፉን» ጀት እ.ኤ.አ. በ1940 በነበረው የጦር ቀለም ቀብቶ ከስፒትፋየር ጋር ጎን ለጎን አበረረው። በጎኑ የተጻፈው ምልክት የጄምስ ኒኮልሰን አውሮፕላን ምልክት ነበር። ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 ሃሪኬን አውሮፕላኑ በእሳት ተያይዞ ሳለ ጠላቱን ማጥቃት ያልተወ፣ ስለዚህም የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ የተሸለመ አብራሪ ነው። ሁለቱን አውሮፕላኖች በአንድ ፎቶግራፍ ያስገባ ሰው ያልጠበቀውን ነገር አየ፤ የስፒትፋየሯ ክንፍ ከዳር እስከ ዳር 11.23 ሜትር ሲሆን የታይፉኑ 10.95 ሜትር ብቻ ነው። ከሰባት እጥፍ በላይ ክብደት ተሸክሞ መነሣት የሚችለው የልጅ ልጅ ክንፉ ከአያቱ ያጥራል።

አውሮፕላንን በቅርጹ የመለየት ልማድ በጨዋታ የተጀመረ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የአየር ተመልካቾች ጓድ አባላት፣ አብዛኞቹ ተራ ሲቪሎች፣ ኮረብታ ላይ ቆመው የሚመጣው ወዳጅ ይሁን ጠላት ከጥላው ብቻ እንዲለዩ ሠልጥነው ነበር። ዛሬ የጭራ ቁጥር በደብተሩ የሚመዘግበው ጡረተኛ የዚያ ፍርሃት ወራሽ ነው። ፍርሃቱ አልፎ ደስታው ቀርቷል። ይሁንና ደስታው በየአገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 በግሪክ አገር የጦር ሰፈር ጎብኝተው ቁጥር ሲመዘግቡ የተገኙ 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን በስለላ ተከሰው ታሰሩ፤ በ2002 ተፈርዶባቸው በዚያው ዓመት በይግባኝ ነፃ ወጡ። ለእንግሊዛዊው ነገሩ እንቆቅልሽ ሆኖበት ነበር። በአፍሪካ ቀንድ ላደገ ሰው ግን እንቆቅልሹ ሌላ ነው፤ ሰው እንዴት ለተዋጊ ጀት ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ይሰለፋል?

በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የጀትን ድምፅ የተማረው በትርኢት አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በትግራይ የሐውዜን ገበያተኛ ከሰማይ ተደበደበ፤ ያለቀው ሕዝብ ከሺህ በላይ ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. 1988 የሐርጌሳ ከተማ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ በሚነሡ አውሮፕላኖች ፈረሰች። እንግሊዛዊው ተመልካች ወዳጅን ከጠላት በቅርጽ መለየት ይችል ነበር። በሐውዜንና በሐርጌሳ ግን በክንፉ ላይ የነበረው ምልክት የገዛ አገር ምልክት ነውና ቅርጽ ማወቅ ማንንም አላዳነም። ድምፁ ከአውሮፕላኑ ኋላ እንደሚመጣ ያወቀውም ሕዝብ ያወቀው ለፎቶግራፍ ብሎ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሮጌ ጀት የትርኢት ጌጥ ከሆነም በኋላ ከባድ ነገር መሆኑን አይተውም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 2015 በደቡብ እንግሊዝ በሾረሃም ትርኢት ላይ አንድ «ሃውከር ሃንተር» ከግልብጥ በረራው ሳይወጣ አውራ ጎዳና ላይ ወድቆ 11 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶማሊያ አየር ኃይልም ይህንኑ የሃንተር ዓይነት ታጥቆ ነበር። ከአደጋው በኋላ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ያረጁ ጀቶች ከየብስ በላይ የሚያሳዩትን ትርኢት ገደቡ፤ አውሮፕላን ከተመልካች የሚርቅበትም ርቀት ጨመረ። መርማሪዎቹ የበረራውን መስመር መልሰው ሲያቀናጁ ተመልካቾች ያነሡትን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ተጠቅመዋል። ለትዝታ የተነሣ ምስል ምስክር ሆነ።

የዳክስፎርዱ አንሺ የሚወደው ጉልበቱንና ቅርጹን፣ የአብራሪውንም ጥበብ ነው። ያ ውበት ሐሰት አይደለም፤ ጀቱ ለምን እንደተሠራ ግን አይነግረውም። ፎቶግራፍ ድምፅ የለውምና።

በሐርጌሳ ከተማ መካከል አንድ ሚግ 17 በከፍታ ላይ ተተክሎ ቆሟል፤ የ1988ቱ ድብደባ መታሰቢያ ነው። እርሱን ለማንሣት ፈጣን መዝጊያም ሆነ ረጅም ሌንስ አያስፈልግም። መንገደኞች ከሥሩ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ሕፃናትም ወደ ላይ አንጋጠው ያዩታል። ለምን እዚያ እንደተሰቀለ የሚጠይቅ ልጅ ካለ፣ የሚመልስለት ሽማግሌ ከተማዋ ገና አላጣችም።